የዛር ፈረስና የሐኪም ወንበር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው። ነገር ግን ምሳሌው ያልመለሰው አንድ ጥያቄ አለ። በሽተኛዋ ምንም ሳትደብቅ፣ እንዲያውም መንደር እስኪሰማ ጮኻ የተናገረችው ሕመም ስም ባይገኝለትስ? ወይም ስሙ ብዙ ሆኖ እያንዳንዱ ስም ወደ ተለያየ ደጅ ቢመራትስ?

ከጉና ተራራ ሥር፣ የደብረ ታቦርን ገበያ ከሚገበያዩት መንደሮች በአንዱ የምትኖር አንዲት ወጣት ባለትዳር እናስብ። ለነገራችን እንድትመች በሐሳብ የፈጠርናት ናት እንጂ የአንዲት የታወቀች ሴት ታሪክ አይደለም። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሲወርድ «ጥሎኝ ሄደ» ብላ እህል ውሃ ትተዋለች። ሲመለስ እንደ መልአክ ትቀበለዋለች፤ በማግሥቱ በአንዲት ቃል ተነሥታ ጠላቷ ታደርገዋለች። ትናንት «እናቴ» ያለቻትን ጎረቤት ዛሬ ዐይኗን ማየት አትሻም። ውስጧ ባዶ እንደሆነ፣ ማን እንደሆነች ራሷም እንደማታውቅ ትናገራለች። ሲብስባት በገዛ አካሏ ላይ ትጨክናለች፤ አንድ ሁለት ጊዜም ከሞት አፋፍ ተመልሳለች።

አማቷ «ዐመል ነው» ይላሉ። ጎረቤት «ዛር ነው፤ ከእናቷ ወገን የወረደ» ይላል። የነፍስ አባቷ «ጸበል ትጠመቅ» ይላሉ። የሥነ አእምሮ ትምህርት ከቀሰመ ሐኪም ፊት ብትቀርብ ደግሞ «ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር» የሚል ረጅም የፈረንጅ ስም ይሰጣት ይሆናል። አራት ስም ማለት አራት ደጅ ነው። ዐመል ከተባለ መድኃኒቱ ተግሣጽ፣ እሱም ካልሠራ ዱላ ይሆናል። ዛር ከተባለ ቡና ይፈላል፣ ይጨበጨባል፣ ባለዛሩ ዘንድ ይኬዳል። ጸበል ከተባለ መንገዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው። የፈረንጁ ስም ከተሰጣት ግን ደጁ የቱ ነው?

ጥያቄውን ያለ ምክንያት አላነሣነውም። ስለ ሀገር በቀል ዕውቀት በተወራ ቁጥር «የቡድን ሕክምና የሚባለውን እኮ እኛ ድሮውንም በዛር ቤት እናደርገው ነበር» የሚሉ ወዳጆች አሉን። ለዚህ አባባል ጥሩ ምስክር የሚሆን አንድ አሮጌ ጽሑፍ አለ። ሳይመን ሜሲንግ የተባለ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1958 «አሜሪካን አንትሮፖሎጂስት» በተባለው መጽሔት ላይ ያወጣው ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በኢትዮጵያ የዛር ሥርዓት ውስጥ ስላለው የቡድን ሕክምናና ማኅበራዊ ማዕረግ የሚናገረው ይህ ጽሑፍ የሚሞላው ሰባት ገጽ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሰባቱ ገጽ ሊመረመሩ ይገባል። ሜሲንግ ግማሹን እውነት አይቷልና፤ ቀሪው ግማሽ ደግሞ የዚያችን ሴት ዕድሜ የሚወስን ነው።

* * *

በመጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። ከእርሱ በፊት ብዙዎች ዛርን ሲያነሡ ወይ እንደ ሰይጣን ሥራ አውግዘው፣ ወይ እንደ ጉድ አስገርመው ያልፉ ነበር። ሜሲንግ ግን የዛሩን ቤት እንደ ሐኪም ቤት ቆጥሮ ገባበት። በጎንደርና በአካባቢው ያየውን ሲነግረን ከታማሚዎቹ የሚበዙት ባለትዳር ሴቶች ናቸው። ዛሩ እንደ ጋኔን ተቀጥቅጦ አይወጣም፤ ስሙ ይጠየቃል፣ የሚሻው ይደመጣል፣ በልብስ ወይም በጌጥ ወይም መልኩ በተመረጠ ዶሮና በግ ድርድር ይደረጋል። አደራዳሪው ባለዛር ራሱ በአንድ ወቅት የታመመና ከዛሩ ጋር የታረቀ ሰው ነው። ታማሚዋም የዚያ ማኅበር አባል ትሆናለች፤ በጓሮ የተረሳች የነበረችው ሴት በዛሩ ቤት መዓርግና ሰሚ ታገኛለች።

ይህን ካነበብን በኋላ ወደ ሌላው ዓለም ዘወር እንበልና የፈረንጁ ስም ከየት እንደመጣ እንይ። «ቦርደርላይን» የድንበር ላይ ማለት ነው። አዶልፍ ስተርን የተባለ የኒውዮርክ የሥነ ልቡና ሐኪም በ1938 ቃሉን ሲጠቀምበት ከቀላሉ የመንፈስ ጭንቀትም ከከባዱ እብደትም ሳይመደቡ በመሀል ድንበር ላይ የቆሙ ታማሚዎችን ማለቱ ነበር። በ1980 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በይፋዊ መዝገቡ አስገባው። ከዘጠኝ ምልክቶች አምስቱ ሲገኙ ይህ ስም ይሰጣል። ትጣለኛለች ወይም ይጥለኛል የሚል ብርቱ ፍርሃት፣ ሰውን ከሰማይ ሰቅሎ ወዲያው ከምድር መጣል፣ ማንነቴ ይህ ነው ማለት አለመቻል፣ የማይሞላ ባዶነት፣ መቆጣጠሪያ ያጣ ቁጣ፣ በራስ ላይ መጨከን ከምልክቶቹ ዋና ዋናዎቹ ናቸው።

ለረጅም ጊዜ እነዚህን ሰዎች ማከም አይቻልም የሚል ወሬ በሐኪሞቹ መካከል ነግሦ ነበር። «አስቸጋሪ ናት» የሚለው ቃል የአማቶች ብቻ አይደለም፤ ነጭ ካባ የለበሱትም ይሉታል። ይህን ተስፋ መቁረጥ የሰበሩት ጥቂት መንገዶች ናቸው። አንዱ ማርሻ ሊነሃን የተባለች አሜሪካዊት ያወጣችው «ዳያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ» ነው። የደርግን ዘመን የፖለቲካ ትምህርት የቀመሰ አንባቢ ዳያሌክቲክስ የሚለውን ቃል ሲሰማ ሊሰቀጥጠው ይችላል። እዚህ ላይ ግን ትርጉሙ የዋህ ነው። ታማሚዋ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን በአንድ እጅ እንድትይዝ ትማራለች፤ «አሁን ያለሁትን እኔን እቀበላለሁ፤ ደግሞም መለወጥ አለብኝ።» በሳምንት አንዴ ከሐኪሟ ጋር ብቻዋን ትነጋገራለች፤ በቡድን ተቀምጣ ስሜትን ማርገብን፣ ክፉ ሰዓትን ሳይጎዱ ማሳለፍን፣ ከሰው ጋር ሳይቀያየሙ መጠየቅን እንደ ሙያ ትለማመዳለች፤ ሲከፋት ስልክ ትደውላለች። ሐኪሞቹም በየሳምንቱ ተሰብስበው እርስ በርስ ይመካከራሉ። በ1991 በታተመው ጥናቷ በዚህ መንገድ ለአንድ ዓመት የታከሙት ሴቶች በተለመደው መንገድ ከታከሙት ይልቅ ራሳቸውን መጉዳት ቀንሰዋል፤ ሕክምናውንም ሳያቋርጡ ቀጥለዋል።

ሌላው መንገድ በለንደን አንቶኒ ቤትማንና ፒተር ፎናጊ ያበጁት ነው። የእነርሱ ሐሳብ በእኛ ቋንቋ ሲነገር «የራስንና የሰውን ልብ ማንበብ መማር» ቢባል ይቀርበዋል። ባልየው ዘግይቶ ሲመጣ «ሊተወኝ ነው» ብላ ከመደምደሟ በፊት «ምን አስቦ ይሆን? እኔስ አሁን ምን እየተሰማኝ ነው?» ብላ ለአፍታ እንድትቆም ማድረግ ነው። በ1999 የታተመው ውጤታቸው ጥሩ ነበር፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ሲጠየቁም እነዚያ ታማሚዎች ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ከዚህም ሌላ ኦቶ ከርንበርግ የጀመረው በሐኪሙና በታማሚዋ መካከል የሚፈጠረውን ፍቅርና ጥል እየመረመረ የሚሄድ ሕክምና አለ።

አሁን ሁለቱን ቤቶች ጎን ለጎን ብናቆማቸው የሜሲንግ ዐይን ምን ያህል ስለታም እንደነበረ ይገባናል። በሁለቱም ቤት ለስቃዩ ስም ይሰጣል። በሁለቱም ቤት ጊዜው የታወቀ ቀጠሮና ሥርዓት አለ። በሁለቱም ቤት ሌሎች ታማሚዎች ይገኛሉ፤ ሴትዮዋም «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» ትላለች። አራተኛው መመሳሰል ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ሊነሃን በ2011 ለሕዝብ እንደተናገረችው እርሷ ራሷ በ1961፣ በ17 ዓመቷ፣ ሀርትፎርድ በሚገኝ የአእምሮ ሆስፒታል ገብታ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይታለች፤ ራሷንም ትጎዳ ነበር። ታማ የዳነች፣ ድና ያከመች ማለት ነው። የጎንደር ባለዛር ብትሰማ «ታዲያ ሌላ ምን ዐይነት ሐኪም አለ?» ባለች ነበር።

* * *

እንግዲህ ወዳጆቻችን ረትተዋል? አልረቱም። ከሜሲንግ ጋር የምንጣላው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጠብ በዘመን ነው። ሜሲንግ ታማሚዋ ዕድሜ ልኳን የማኅበሩ አባል እንደምትሆን ይነግረናል፤ ይህንንም እንደ በጎ ነገር ያልፈዋል። የሊነሃንም ሆነ የለንደኖቹ ሕክምና ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማለቂያው ይታሰባል፤ አንድ ዓመት፣ ዓመት ከመንፈቅ፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት። መጣልን ለምትፈራ ሴት መለያየትን ያለ ጥል መማር ራሱ መድኃኒት ነው። የዛሩ ቤት መጣልን አያስፈራትም፤ ምክንያቱም አይለቃትም። አለመልቀቅ ከማዳን ጋር አንድ ነው ወይ?

ሁለተኛው ጠብ በኪስ ነው። ዛሩ የሚጠይቀውን የሚከፍል ሰው አለ፤ ባል፣ ወንድም፣ አንዳንዴም ራሷ። መክፈል ያቃታት ደሃ በባለዛሩ ቤት እያገለገለች ትቆያለች። በዚህ ቤት ሕመሙ ሲያገረሽ የባለዛሩ ገቢ ያድጋል። እርግጥ የሐኪምም ወንበር ገንዘብ ያስከፍላል። ነገር ግን ሐኪሙ ሲሳሳት የሚጠይቀው ባልደረባ፣ የሚመዝነው ጥናት አለ። የባለዛሩን ሥራ የሚመዝነው ማን ነው?

ሦስተኛውና ዋናው ጠብ በአንደበት ነው። ለዚህ ሌላ መጽሐፍ መግለጥ ያስፈልገናል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ሚሼል ሌሪስ ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የምርምር ቡድን አባል ሆኖ በ1932 ጎንደር ላይ ወራት ቆይቷል። በአባ ጄሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት መልካም አየሁ ከተባለች ባለዛር ቤት እየዋለ ያየውን ጻፈ። በመጀመሪያ በ1934 የዕለት ማስታወሻውን፣ ቀጥሎም ሜሲንግ በጻፈበት በዚያው በ1958 ዓመት በጎንደር ሰዎች ዘንድ ስላለው የዛር ይዞታና የቴአትር ጠባዩ የሚናገረውን መጽሐፉን አወጣ። ሌሪስ ወደ አፍሪካ ከመምጣቱ በፊት ራሱ በፓሪስ ከአንድ የሥነ ልቡና ሐኪም ዘንድ ይታከም የነበረ ሰው ነው። ማለትም የሐኪሙን ወንበርም የዛሩንም ቤት ያውቅ ነበር።

የሌሪስ መጽሐፍ ከሜሲንግ ጽሑፍ የሚበልጠው በዚህ ነው፤ «ይጠቅማል አይጠቅምም» ከማለቱ በፊት «ማን ነው የሚናገረው?» ብሎ ይጠይቃል። ዛር ያደረባት ሴት ፈረስ ትባላለች። ጋላቢው ሲመጣባት ጉሪ ትላለች፣ የዛሩን ፉከራ ትፎክራለች፣ በወንድ ድምፅ ታዛለች። ሌሪስ እንዳየው ይህ ማስመሰል ብቻ አይደለም፤ ራስን ፈጽሞ መሳትም አይደለም፤ ሰው በእውነት እየኖረ የሚሠራው ቴአትር ነው። ዛሮቹንም ሰው እንደየሁኔታው ከሚለዋውጣቸው አልባሳት ጋር ያመሳስላቸዋል። ለቁጣ የሚለበስ አለ፣ ለሐዘን የሚለበስ አለ፣ ባልን ለመውቀስ የሚለበስ አለ።

ይህን ለዚያች ለጉናዋ ሴት እናምጣው። ማንነቷ ለሚዋዥቅባት ሰው ሙሉ የአልባሳት ሣጥን መስጠት ትልቅ ስጦታ ነው። በራሷ አፍ ብትናገረው የሚያስደበድባትን ቃል በዛሩ አፍ ትናገራለች፤ ባልም አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ይህን እፎይታ የሚንቅ ሰው የሴትን ኑሮ የማያውቅ ነው። ነገር ግን ድግሱ አልቆ ጋላቢው ሲወርድ የተናገረው እርሱ ነው እንጂ እርሷ አይደለችም። ቁጣው የእርሱ ነበር፤ ጥያቄውም የእርሱ ነበር። የተገዛው ቀሚስ እንኳ የተገዛው ለእርሱ ነው። ፈረሲቱ ይቅርታ አግኝታለች፤ ቃሏን ግን አላገኘችም። የሐኪሙ ወንበር፣ በደግነቱ ሲሠራ፣ የሚለየው በዚህ ነው። «ቁጣው ያንቺ ነው። አትፈሪው። በምክንያት የመጣ ነው። ምን እናድርግበት?» ይላታል።

ሌሪስም ቢሆን ነጻ አይወጣም። ተመልካች ሆኖ መቅረቱ እንዳሳቀቀው በማስታወሻው አልሸሸገም፤ ግን ማስታወሻውን ይዞ ወደ ፓሪስ ተመለሰ። ሴቶቹ የቀሩት እዚያው ነው። የቴአትሩን ውበት ያየ ሰው የተዋናይቱን ማግሥት ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

* * *

እስካሁን ያልነው ለወንበሩ ያደላ መስሎ ከታየ፣ ወንበሩንም እንክሰሰው።

ጉናና ደብረ ታቦር በሚገኙበት በቀድሞው በጌምድር የሕክምናን እምነትና ልማድ ያጠና አለን ያንግ የሚባል ምሁር አለ። በ1975 ስለ ዛር ባወጣው ጽሑፉ ርእስ ላይ ዐማሮች ቁራኛ የሚይዛቸው ለምን እንደሆነ ይጠይቃል። ቁራኛ! ቃሉን እናስተውለው። በድሮው የፍርድ ሥርዓታችን ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ባለዕዳም ከባለገንዘቡ ጋር በሰንሰለት ይታሰር ነበር። የማይላቀቁ ጠበኞች ማለት ነው። ትተወኛለህ እያለች የምትገፋ፣ እየገፋች የሙጥኝ የምትል ሴትን ሕመም ከዚህ አንድ ቃል የተሻለ የገለጸ የፈረንጅ ቃል ይህ ጸሐፊ አላጋጠመውም።

ይኸው ያንግ ከሃያ ዓመት በኋላ በ1995 ፊቱን ወደ አሜሪካ አዙሮ ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ስለሚሰጣቸው የሕመም ስም አንድ መጽሐፍ ጻፈ። ስቃያቸው እውነት ነው፤ ስሙ ግን ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሐኪሞች፣ መዝገቦችና ተቋማት በጊዜ ብዛት የሠሩት ነው ሲል ተከራከረ። በጌምድር ላይ የዛርን ስም የመረመረ ዐይን የሐኪሞችንም ስም መርምሯል ማለት ነው። የእኛም ስም ከዚህ አያመልጥም። ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ የስብእና ሕመሞችን በየስማቸው መዘርዘሩን ትቶ በክብደታቸው መለካትን መርጧል፤ «ቦርደርላይን» የቀረው እንደ ተጨማሪ መግለጫ ሆኖ ነው። ስለዚህ ዛር የሚለውን ስም ጥለን ቦርደርላይን የሚለውን ብናነሣ ከአንድ ቁራኛ ወደ ሌላው መሸጋገር ሊሆን ይችላል። ስም የሚጠቅመው በር ሲከፍት ብቻ ነው። በከተማችን አንዳንድ ጨዋታ ላይ እንደሚሰማው ሰው ያስቀየመንን ሁሉ በሥነ ልቡና ስም መስደብ ግን በር መዝጋት ነው።

ሁለተኛው ክስ በእጅ መንገዱ ላይ ነው። ሦስት ዐይነት ስብሰባ፣ ሌት ተቀን የሚነሣ ስልክ፣ ለዓመታት የሠለጠነ ባለሙያ የሚጠይቅ ሕክምና ከጉና ቁልቁለት ማን ያደርሰዋል? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያ ለጠፋባቸው አገሮች ያዘጋጀው የአእምሮ ጤና መመሪያ ራስን መጉዳትን በቅድሚያ ከሚታዩት መካከል ያስቀምጠዋል፤ የስብእና ሕመምን ግን አያነሣውም። ስለዚህ ጤና ጣቢያው ቁስሏን ያያል፤ ቁስሉ በየጊዜው የሚመለስበትን ምክንያት የሚጠይቅበት ገጽ ግን በእጁ የለም።

ተስፋ ያለው ከወደ ቶሮንቶ በመጣ አንድ ጥናት ውስጥ ነው። በ2009 በታተመው በዚህ ጥናት ሼሊ ማክሜይንና ባልደረቦቿ 180 ታማሚዎችን ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን በሊነሃን መንገድ፣ ግማሾቹን ደግሞ ያን ያህል የረቀቀ ዘዴ በሌለው ደኅና የሐኪም ክትትል ለአንድ ዓመት አከሙ። ሁለቱም ወገኖች ተሻላቸው፤ ልዩነት አልተገኘም። በርግጥ የዚያ አገር «ተራ» ክትትል ልምድ ባለው ሐኪም በየሳምንቱ የሚደረግ ነበርና ከእኛ ተራ ጋር አንድ አይደለም። ቢሆንም የሚያስተምረን ነገር አለ። ሁለቱ የሚጋሩት የረቀቀውን ዘዴ አይደለም። የሚጋሩት ሕመሙን ለታማሚዋ በግልጽ ማስረዳትን፣ ቀጠሮን ማክበርን፣ ስለ ዕለት ኑሮዋ መጠየቅን፣ ስትዝትና ስትገፋ አለመደንገጥንና አለመቆጣትን ነው። ሜሪ ዛናሪኒ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአሜሪካ 290 ታማሚዎችን ስትከታተል አብዛኞቹ በአሥር ዓመት ውስጥ ምልክቶቹ እንደለቀቋቸው አግኝታለች፤ ሥራና ወዳጅነት እስኪቃና ግን ይበልጥ ይዘገያል። ይህ ዐመል ነው ተብሎ የተተወ ሰው ሁሉ ሊሰማው የሚገባ ዜና ነው። ዐመል ከመቃብር በፊት አይለቅም እንላለን፤ ይህ ሕመም ግን ይለቃል።

* * *

ወደ ሜሲንግ ሰባት ገጾች እንመለስና እንፍረድ። የዛሩ ቤት ከተግሣጽና ከዱላ እጅግ የተሻለ ነበር። ሌላ ሰሚ ባልነበረበት አገር ሰምቷል። ይህን ላየልን እናመስግነዋለን። ነገር ግን የቡድኑን ሙቀት እንጂ የመውጫውን በር አልፈለገም፤ «ተሻላት» ማለቱን እንጂ «ራሷን ቻለች ወይ» ማለቱን አልጠየቀም። ሀገር በቀል ዕውቀታችንን የምናከብረውም እንደ ታቦት ሸፍነን ሳይሆን፣ እንደዚህ መርምረን ሲሆን ነው። ከዛሩ ቤት የምንወስደው አለ፤ ታማሚዋን ከነቤተሰቧ መቀበልን፣ ታሞ የዳነን ሰው ከሐኪሙ ጎን ማስቀመጥን፣ ሕመሙን በሚገባት ቋንቋ መጥራትን። የምንተወውም አለ፤ ዕዳውን፣ ዕድሜ ልክ መገበሩን፣ በሌላ አፍ መናገሩን።

ባለዛሩ ጋላቢው ሲወርድ የሚያቀርበው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ማን ነህ? ምን ትሻለህ?» ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ የሚቀርበው ግን ለዛሩ ነው። ለሴትዮዋ ማቅረብ የግድ የሎንዶን ወይም የቶሮንቶ ወንበር አያሻም። አንዲት ነርስ በጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ አጠገቧ ተቀምጣ ቁስሏን ካሰረችላት በኋላ «አንቺስ ማን ነሽ? ምን ትሻለሽ?» ልትላት ትችላለች። ከዚያም የሚመጣው ማክሰኞ ቀጥራ፣ ማክሰኞ ስትመጣ እዚያው አግዳሚ ላይ ልትጠብቃት ያስፈልጋል።